መርፌን ስለ መለየትና ስለ መምረጥ

የጥልፍ ሥራ በተበላሸ ጊዜ ወቀሳው አስቀድሞ በእጅ ላይ፣ ቀጥሎ በክር ላይ፣ ከዚያም በጨርቁ ላይ ሲወርድ፣ ሥራውን ሁሉ ወግታ የፈጸመችው መርፌ ግን ትንሽነቷ ከለላ ሆኖላት ፍርድ ፊት ሳትቀርብ ትቀራለች። ክሩ ከግማሽ መንገድ ላይ ተቦጭቆ ጭገር ሲያወጣ «የዛሬ ዘመን ክር» ይባላል፤ በነጭ ቀሚስ ደረት ላይ በየወጊያው ዙሪያ የሚታይ ሽንቁር ተሰልፎ ሲገኝ «ሸማኔው አሳስቶ ሠርቶታል» ይባላል፤ ቅጠሉ በተሣለበት መሥመር ላይ አልሄድ ብሎ ሲወላገድ ደግሞ ጠላፊዋ «እጄ ዛሬ እንቢ አለኝ» ብላ ራሷን ትከሳለች። ከእነዚህ ወቀሳዎች የሚበዙት ተገቢ ቦታቸው መርፌዋ ዘንድ ስለ ሆነ፣ የጥልፍን መልካምነት መለየት የሚወድ ሰው ከኅብሩና ከአሣሣሉ አስቀድሞ ሥራው በምን ዓይነት መርፌ እንደ ተሠራ ማስተዋልን ሊለምድ ይገባዋል።

የመርፌ ግብሯ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ክሩ ሳይፋተግና ሳይቆስል እንዲያልፍ በጨርቁ ውስጥ ለክሩ የሚበቃ መንገድ መክፈት ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ካለፈች በኋላ የከፈተችው መንገድ በክሩ ተሞልቶ እንዲዘጋና በዚያ ስለ ማለፏ የሚመሰክር ምልክት እንዳይቀር ማድረግ ነው። መንገዱ ከክሩ የጠበበ እንደ ሆነ ክሩ በያንዳንዱ ወጊያ እየተላጠ ይሳሳል፤ ከክሩ የሰፋ እንደ ሆነ ደግሞ ክሩ ሽንቁሩን መሙላት ተስኖት ይንቀዋለላል፣ ጥልፉም ከታጠበ በኋላ ይላላል። ስለ መርፌ የሚነገረው ሐተታ ሁሉ፣ ቁጥሩም፣ የጫፉ ዓይነትም፣ የቀዳዳው ቅርጽም፣ ከእነዚህ ከሁለቱ ግብሮች የሚወጣ ስለ ሆነ፣ የመምረጡ ሥርዓት ጨርቅን አስቀድሞ፣ ክርን አስከትሎ፣ መርፌን በመጨረሻ የሚያመጣ ነው። ብዙ ሰው ግን ሥርዓቱን ገልብጦ፣ ከመሳቢያው ያገኛትን መርፌ ይዞ ክር ይፈልግላታል።

ከጨርቅ እንጀምር። በእጅ የተፈተለ ጥጥ በሸማኔ እጅ ሲሠራ ድሩ ጠበቅ ብሎ የከረረ፣ ማጉ ግን ለስለስ ያለና ውፍረቱ ከቦታ ቦታ የሚለዋወጥ ስለሚሆን፣ እንዲህ ባለው ልብስ ላይ ጫፏ የሾለ መርፌ ብትሰነዘር የማጉን ክር ከመካከሉ ሰንጥቃ ትገባለች እንጂ በሁለት ክሮች መካከል ያለውን ክፍት ቦታ ፈልጋ አታልፍም። ይህ ነገር በአንድ ወይም በሁለት ወጊያ አይታወቅም፤ ነገር ግን ከአንገት እስከ እግር የሚወርደውን የመስቀል ጥልፍ ድሩንና ማጉን እየቆጠረች የምትሠራ ሴት፣ ስድስት ክር ቆጥራ ስታበቃ መርፌዋ በስድስተኛውና በሰባተኛው መካከል መግባቷን ትታ የሰባተኛውን ሆድ ወግታ ብትወጣ፣ የመስቀሉ ክንድ በግማሽ ክር ይረዝማል፤ ይህም ጥቂት በጥቂት እየተደመረ ሄዶ፣ የቀኙና የግራው ክንድ ከጫፍ ላይ ሲደርስ ሳይስማማ ይቀራል። ደግሞም ስህተቱን ልፍታ ብትል፣ የተሰነጠቀው ማግ ከጥልፉ ክር ጋር አብሮ ስለሚሳብ፣ የተፈታበት ቦታ ጭገር አውጥቶ ለዘለዓለም ይታወቃል። ስለዚህ ክር እየተቆጠረ ለሚሠራ ጥልፍ ሁሉ የምትገባው ጫፈ ዱልዱም መርፌ ናት፤ በፓኬቷ ላይ «ታፔስትሪ» ተብላ የምትጻፈው እርሷ ናት። ጫፏ ክብ ሆኖ የተሞረደ ስለ ሆነ ክሩን ሳትወጋ ወደ ጎን ገፋ አድርጋ በመካከሉ ታልፋለች፤ የተገፋውም ክር ተመልሶ ቦታውን ይይዛል።

ይህን ስል ጫፈ ዱልዱም ለሀገር ልብስ ሁሉ ትሆናለች ማለቴ አይደለም። በዚያው በፈትል ቀሚስ ላይ ሐረግ፣ አበባ፣ ወይም ቅጠል በእርሳስ ተሥሎ የሚጠለፍ እንደ ሆነ፣ የሥዕሉ መሥመር የድርንና የማግን ሥርዓት ጠብቆ የሚሄድ ስላልሆነ፣ መርፌዋ መሥመሩ በደረሰበት ቦታ ሁሉ፣ ክርም ቢሆን መካከልም ቢሆን፣ ሳታወላውል መውጋት አለባት፤ ለዚህ ሹል ጫፍ ግድ ይሆናል። በዱልዱም መርፌ የተሠራ ሐረግ በሚታጠፍበት ቦታ ሁሉ ደረጃ ደረጃ እየሠራ ይሄዳል። ፋብሪካ የሠራው አቡጀዲና ፖፕሊንም፣ ይልቁንም ጥቅጥቅ ያለው ቴትሮን፣ ሹል ጫፍ እንጂ ሌላ አይቀበልም። ሐርና ሳቲን ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻቸው ናቸው፤ ሐር የተወጋበትን አይረሳምና፣ በእርሱ ላይ ወፍራም መርፌ ያሳለፈች ሴት ክሩን ብትፈታ እንኳ ሽንቁሩ እንደ ተከፈተ ይኖራል።

አሁን ወደ መርፌዋ ወደ ራሷ እንምጣ። የመርፌ ክብሯ በቀዳዳዋ ነው። ጫፍ በሚወጋበት ቅጽበት ብቻ ሲሠራ፣ ቀዳዳ ግን ክሩን ከመጀመሪያው ወጊያ እስከ መጨረሻው ተሸክሞ የሚሄድና በሄደበትም ሁሉ ሳያቋርጥ የሚፋተገው አካል ነው፤ በዚህ ላይ በቀዳዳው አጠገብ ክሩ ታጥፎ እጥፍ ስለሚሆን፣ በጨርቁ ውስጥ የሚያልፈው ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚወፍረው በዚያ ስፍራ ነው። መልካም የጥልፍ መርፌ ራስጌዋ ላይ ከቀረው አካሏ በጥቂቱ ሰፋ ብላ የምትሠራው ስለዚህ ነው፤ ራስጌዋ መንገዱን ለእጥፉ ክር እንዲበቃ አድርጎ ይከፍታል፣ ክሩም ጨርቁን ሳይፋቅ ይከተላል። ቀዳዳው ክሩን ጨምቆ የያዘ እንደ ሆነ ክሩ ይቆስላል፤ ክሩ እንደ ልቡ የሚንሸራተትበት እንደ ሆነ ደግሞ መርፌዋ ለሥራው ከሚገባት በላይ ግዙፍ ናት ማለት ነው። ልኩ፣ ክሩ ጠፍጠፍ ብሎ ያለ ትግል የሚገባበት፣ ከገባም በኋላ መርፌዋን ወደ ታች ቢያንጠለጥሏት በራሷ ክብደት ተንሸራትታ የማትወድቅበት ነው።

የቀዳዳውን ውስጥ ለመመርመር መርፌዋን በነጭ ወረቀት ፊት አቁሞ በቀን ብርሃን ማየት ያስፈልጋል። ቀዳዳው በብረት ማተሚያ ተመትቶ የሚበሳ ስለ ሆነ፣ ጥድፊያ ባለበት ፋብሪካ የተሠራች መርፌ በውስጡ ጠርዝ ላይ የምላጭ ስለት የመሰለ ቀጭን ትርፍ ብረት ይቀርባታል፤ ዓይን ባያየውም ክር ያገኘዋል። ስለዚህ አንድ ዘለላ ቀጭን ክር አስገብቶ፣ ሁለቱን የክሩን ጫፎች በአንድ እጅ ወጥሮ ይዞ፣ መርፌዋን በክሩ ላይ ጥቂት ጊዜ ወዲያና ወዲህ ማመላለስ ነው፤ በክሩ ላይ ጭገር ከታየ መርፌዋ ለጥልፍ አትሆንም፣ ቁልፍ ለመትከል ትቀመጥ። ደግሞም የቀዳዳው ሁለት ወገን ዘወትር እኩል አይደለም፤ በአንዱ በኩል አልገባ ያለ ክር መርፌዋን በጣት መካከል ገልብጦ በሌላው ወገን ቢሞክሩት ብዙ ጊዜ ይገባል። ቀዳዳቸው በወርቅ የተቀባ መርፌዎች አሉ፤ ወርቁ ዝገትን ይከላከላል፣ ክር ለማስገባትም ለዓይን ይረዳል፤ ነገር ግን ከሥሩ ያለውን ሻካራነት የሚፈውስ አይደለምና፣ ስለ ቢጫነቱ ብቻ ዋጋ የሚጨምር ሰው ገንዘቡን ለጌጥ እንዳወጣው ይወቅ።

የገላዋን ቀጥነት ለማወቅ መርፌዋን በመስተዋት ላይ አስተኝቶ በጣት ገፋ ማድረግ ይበቃል፤ ቀጥ ያለችው ያለ ድምፅ ትንከባለላለች፣ የጎበጠችው እየተንገራገጨች ትዞራለች። የጫፏን ጤንነት ለማወቅ ደግሞ በጥፍር ላይ ጋደም አድርጎ ቀስ ብሎ መሳብ ነው፤ ጥፍሩን የምትፍቅ፣ ወይም በስስ የናይሎን ካልሲ ላይ ቢስቧት ክር የምትመዝ መርፌ ጫፏ ታጥፏል። ከሁሉ የሚረቀው ምርመራ የብረቱ ነው። መልካም ብረት በሁለት ጣት ለዘብ አድርገው ሲያጎብጡት እሺ ብሎ ጎብጦ፣ ሲለቁት ወደ ቀጥነቱ ይመለሳል፤ እንደ ጎበጠ የሚቀረው ብረት የላላ ነው፤ እንቢ ብሎ ቀጭ የሚለው ደግሞ ከልክ በላይ የጠነከረ ነው። ሻጭ ፊት ይህን ምርመራ ማድረግ ግን ጠብ ያመጣል፤ ገዝቶ ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላ ከፓኬቱ አንዷን መሥዋዕት ማድረግ ይሻላል።

እነዚህ ጠባያት ከየት እንደሚመጡ ለመረዳት የመርፌን አሠራር በአጭሩ ማወቅ ይጠቅማል። በእንግሊዝ አገር፣ በዉስተርሻየር የምትገኘው ሬዲች የተባለችው ከተማ በ19ኛው መቶ ዓመት ከዓለም መርፌ የሚበዛውን ታወጣ የነበረች ስትሆን፣ በዚያ የነበረው ሥርዓት ይህ ነበር፤ የብረት ሽቦ ለሁለት መርፌ በሚበቃ ርዝመት ይቆረጣል፤ ሁለቱም ጫፎቹ በድንጋይ ሞረድ ይሾላሉ፤ ከመካከሉ ላይ ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን ታትሞ ይበሳል፤ ከዚያም በሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል ተሰብሮ መንታ መርፌ ይሆናል። በመንታዎቹ ራስ ላይ የሚቀረው የስብራት ጠባሳ ተሞርዶ መለስለስ ያለበት ሲሆን፣ ዛሬም ርካሽ መርፌ ራሷ ላይ ጣትን የምትቧጥጠው ይህ ሥራ ተዘልሎ ነው። ከዚህ በኋላ መርፌዎቹ በእሳት ግለው ድንገት በማቀዝቀዝ ይጠነክራሉ፤ ይህ ብቻውን ቢቀር ሁሉም ተሰባሪ ይሆኑ ነበርና፣ ሁለተኛ በመጠኑ ይሞቁና ብረቱ እንዲለዝብ ይደረጋል። በፍጻሜውም በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ መርፌዎች ከሳሙናና ከደቀቀ የሞረድ ድንጋይ ጋር በጨርቅ ተጠቅልለው፣ በውኃ ኃይል በሚንቀሳቀስ ከባድ መዳመጫ ሥር ለቀናት እየተንከባለሉ ይታሻሉ። የዚህ ሥራ ቤት የነበረው ፎርጅ ሚል ዛሬ የመርፌ ሙዚየም ሆኖ ይጎበኛል። ጫፉን በድንጋይ ያሾሉ የነበሩት ሠራተኞች የብረቱንና የድንጋዩን ብናኝ እየሳቡ ሳንባቸው ተበልቶ በወጣትነታቸው ይሞቱ እንደ ነበር ያነበበ ሰው፣ ከእንግዲህ ወዲያ መርፌን ሲጥል እጁ ሳያመነታ አይቀርም።

ዛሬ በ1840 የተመሠረተው የእንግሊዙ ጆን ጄምስ፣ ዘሩን እስከ 1530 የሚቆጥረው የጀርመኑ ፕሪም፣ በጃፓን አገር በሂሮሺማ የሚሠራው ቱሊፕ (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በጠላፊዎች ዘንድ ስማቸው የተመሰገነ ነው። የጃፓኖቹ በገላቸው ልስላሴ፣ በእኔ ፍርድ፣ የሚተካከላቸው የለም። ስም ግን ዋስ አይሆንም፤ በመልካም ስም ፓኬት ውስጥ ቀዳዳዋ የሻከረ መርፌ፣ ስም በሌለው ፓኬት ውስጥም ነቀፋ የሌለባት መርፌ ትገኛለች፤ ልዩነቱ በመልካሙ ፓኬት ውስጥ የሚጣሉት ጥቂት መሆናቸው ነው።

ስለ ቁጥር የሚነገረው ነገር ለጀማሪ ሰው ግር የሚል ነው፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን መርፌዋ ትቀጥናለችና። ከዚህም በላይ ቁጥሩ የሚነጻጸረው በአንድ ወገን ውስጥ ብቻ ሲሆን፣ የአንዱን ወገን ቁጥር ከሌላው ጋር ማስተያየት አይቻልም፤ ሹል የጥልፍ መርፌ ከ1 እስከ 12 ስትቆጠር ጫፈ ዱልዱሟ ከ13 እስከ 28 ትቆጠራለች፣ ስለዚህም 24 የተጻፈባት ዱልዱም 10 ከተጻፈባት ሹል መርፌ ብዙ ትወፍራለች። በገበያችን ዲ ኤም ሲ እየተባለ የሚጠራው የጥልፍ ክር፣ በ1746 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በሙሉዝ ከተማ የተመሠረተው የፈረንሳይ ቤት ሥራ ሲሆን፣ አንዱ ጥቅል 8 ሜትር ርዝመት፣ ክሩም ስድስት ዘለላ አለው፤ ዘለላዎቹም ተለያይተው በሚፈለገው ቁጥር ይሠራባቸዋል። እንግዲህ ለአንድ ዘለላ የጥልፍ መርፌ ቁጥር 10፣ ለሁለት ዘለላ 8 ወይም 9፣ ለሦስት ዘለላ 7፣ ስድስቱ ዘለላ ሳይለያይ የሚሠራ እንደ ሆነ ደግሞ 3 ወይም 4 ይስማማል። በዱልዱሟ ወገን ለብዙው የተቆጠረ ሥራ 24 ትበቃለች፤ ጨርቁ ጥቅጥቅ ሲል 26፣ እጅግ ሲረቅ 28 ትያዛለች። ወፍራምና የከረረ ክር፣ ማለት ፔርሌ ቁጥር 5 የሚባለው፣ 20 ወይም 22 ይፈልጋል። እነዚህ ሕግ ሳይሆኑ መነሻ ናቸው፤ ጨርቁና ክሩ ሲጣሉ መስማት ያለብን ጨርቁን ነው።

የመርፌ ወገኖች ብዙ ቢሆኑም ለጠላፊ የሚያስፈልጓት ጥቂት ናቸው። «ሻርፕ» የምትባለው ተራ የስፌት መርፌና «ኢምብሮይደሪ» ወይም «ክሩዌል» የምትባለው የጥልፍ መርፌ በአንድ ቁጥር ላይ በርዝመትም በውፍረትም አንድ ናቸው፤ የሚለያዩት የስፌቷ ቀዳዳ ትንሽና ክብ፣ የጥልፏ ግን ብዙ ዘለላ ጎን ለጎን እንዲገባበት ሞላላ መሆኑ ነው። ስለዚህ ክር ማስገባት የሚያስቸግራቸው ዓይነ ድኩማን ተራውን ስፌት በጥልፍ መርፌ ቢሠሩት የሚቀርባቸው ነገር የለም። «ሼኒል» የምትባለው የታፔስትሪ እኅት ናት፤ ገላዋና ቀዳዳዋ አንድ ሆኖ ጫፏ ግን ሹል ስለ ሆነ፣ በከፋይና በወፍራም ሱፍ ላይ ለወፍራም ክር ትሆናለች። «ቢትዊን» አጭር ናት፤ ጥቃቅን ወጊያ በፍጥነት ለሚሠራ ልብስ ሰፊ እንጂ ለጠላፊ ብዙ አትረባም። ረዥሟና ቀጭኗ የዶቃ መርፌ ዶቃና ጨሌ ለሚሰካ ሰው ናት። ባለ ሦስት ማዕዘን ጫፍ የሆነችው የቆዳ መርፌ ግን በስህተት ከሌሎቹ ጋር እንዳትቀላቀል መጠበቅ ይገባል፤ እርሷ ትቆርጣለች እንጂ አትወጋምና፣ በሸማ ላይ አንድ ጊዜ ብታልፍ የምታደርሰው ጉዳት አይጠገንም።

በዚህ መካከል ብዙ ሰው የማያውቃት፣ እኔ ግን ከሁሉ የምወዳት፣ «ሚሊነር» የምትባለው ናት። ስሟ የተሰጣት በባርኔጣ ሠሪዎች ሲሆን፣ ጠባይዋ ረዥም መሆኗና ራስጌዋ ከገላዋ የማይሰፋ፣ ከጫፍ እስከ ራስ አንድ ውፍረት ያላት መሆኗ ነው። ክርን በመርፌ ላይ ብዙ ጊዜ ጠምጥሞ መርፌዋን በጥምጥሙ ውስጥ ስቦ በማውጣት የሚሠራው የአበባ እንቡጥ ጥልፍ አለ፤ በተራ የጥልፍ መርፌ ሲሠራ ሰፊው ራስጌ ጥምጥሙ ውስጥ ይቀረቀርና ጠላፊዋ በጥርሷ ልትስበው እስክትነሣ ድረስ ታደርሳታለች፣ ከዚያም ጥምጥሙ ተዘበራርቆ ይወጣል። በሚሊነር ግን ሳይንገራገር ይወጣል። እንቡጡ እኩል የተጠመጠመ፣ ጫፍና ጫፉ ያልሳሳ ሆኖ ባየሁት ጥልፍ ላይ ሠሪዋ መርፌ ታውቃለች ብዬ እፈርዳለሁ።

ከጥልፍ ሁሉ የከበረው የንዋየ ቅድሳቱ ነው። በኦሪት ዘጸአት ከባስልኤል ጋር የተጠራው ኤልያብ የጥልፍ ጥበበኛ እንደ ነበረ ስለ ተጻፈ፣ የመርፌ ሥራ ከወርቅ አንጥረኛው ሥራ ጋር በአንድ ቦታ የሚቆጠር መሆኑ ጥንታዊ ነገር ነው። ወርቀ ዘቦ በካባ ወይም በልብሰ ተክህኖ ላይ ሲሠራ እንደ ጥጥ ክር በጨርቁ ውስጥ እየተመላለሰ ሊሰፋ አይቻልም፤ በክር ላይ የተጠመጠመ ቀጭን ብረት ስለ ሆነ አንድ ሁለት ጊዜ እንዳለፈ ብረቱ ተልጦ ውስጡ ይገለጣል። ስለዚህ በከፋዩ ፊት ላይ እንደ ተኛ ይቀመጥና በቀጭን የሐር ክር፣ በስፌት መርፌ ቁጥር 10 ወይም ከዚያ በሚቀጥን፣ ከላይ እየታሰረ ይሄዳል፤ ሐሩም ከጧፍ በተረፈ የንብ ሰም ይታሻል፣ ወርቁ እንዳይበላው። የወርቁ ጫፍ ወደ ኋላ የሚሰወርበት ጊዜ ሲደርስ ደግሞ ሼኒል ቁጥር 18 ያህል ወፍራም መርፌ ይመጣል፤ እዚህ ላይ ሰፊ ሽንቁር ይፈለጋልና። በአንድ ሥራ ላይ እጅግ ቀጭኗና እጅግ ወፍራሟ መርፌ ጎን ለጎን የሚሠሩበት ይህ ነው። ዛሬ ይህ ሥራ የሚበዛው በሲንጀር መኪና ስለሚፈጸም፣ ወርቁ ከላይ ታስሮ ነው ወይስ ተወግቶ ነው ብሎ ልብሱን ገልብጦ የሚያይ ገዢ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ከጥቂት ዓመት በኋላ ወርቁ የጠቆረበትና የተላጠበት ካባ የትኛው እንደሚሆን ጀርባው አስቀድሞ ይናገራል።

ለንደን በሚገኘው በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም፣ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተወሰደ፣ የዓፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ የነበረ፣ በነጭ ጥጥ ላይ በሐር የተጠለፈ ቀሚስ ይገኛል። በዚያ ዘመን መርፌ ከባሕር ማዶ በምጽዋ በኩል የሚገባ ሸቀጥ፣ መንገደኛውም ለስጦታ ይዞት የሚዞር ዕቃ ስለ ነበረ፣ የዘመኑ ጠላፊ ዛሬ እኛ እንደምናደርገው ከዐሥር ዓይነት ለመምረጥ አልታደለም። በአገሩም ቢሆን መንገድ ከፋቹንና ክር ተሸካሚውን ለይቶ ማሰብ የቆየ ጥበብ ነው። ሞሶብ የምትሰፋ ሴት በወስፌዋ መንገዱን ከፍታ አክርማውን በጣቷ ታሳልፋለች፤ ብራና የሚጠርዝ ሰውም ቀዳዳውን በወስፌ አስቀድሞ ከበሳ በኋላ በአንዱ ክር ሁለት ጫፍ ላይ ሁለት መርፌ አድርጎ ይሰፋል፤ መንገዱ ተከፍቶ ስለሚጠብቃቸው የእርሱ መርፌዎች ሹል መሆን አያስፈልጋቸውም፣ እንዲያውም ቢሾሉ ያለፈውን ክር ይሰነጥቁበታል።

መርካቶ ውስጥ የልብስ ስፌት ዕቃ ከሚሸጥባቸው ሱቆች በአንደኛው በዕድሜ የገፉ ጠላፊ ከመስተዋቱ መደርደሪያ ፊት ቆመው መርፌ ሲመርጡ አይቻለሁ። ወጣቱ ሻጭ ትዕግሥቱ ሲያልቅ ጊዜ፣ «እማማ፣ መርፌ ያው መርፌ ነው እኮ፤ ምኑ ይመረጣል?» አላቸው። እርሳቸውም ቀና ሳይሉ፣ «ያው ቢሆንማ ልጄ፣ ምን ብሎ ቁጥር ይጽፍበት ነበር?» አሉትና መርፌዎቹን አንድ በአንድ በመስተዋቱ ላይ ማንከባለላቸውን ቀጠሉ። ያስደነቀኝ ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነው፤ የተረፉትን መርፌዎች በነጠላቸው ጥለት አጠገብ፣ ሰው በማያየው በኩል፣ ክር ሳያስገቡ ወግተው ሳቡና ጨርቁን በአውራ ጣታቸው አሸት አድርገው ወደ ብርሃን ያዙት። ሽንቁሩ የጠፋባትን መርፌ ወሰዱ፤ ያልጠፋባትን መለሱ። ከዚህ የሚበልጥ ምርመራ በየትኛውም መጽሐፍ አላገኘሁም።

መልካም መርፌም ቢሆን ዕድሜ አላት። የእጅ ላብ ከላይ የተቀባውን ኒኬል ቀስ በቀስ ይበላውና ገላዋ ይጠቁራል፤ የጠቆረች መርፌ መንሸራተት ትታ ጨርቁን መጎተት ትጀምራለች፣ በነጭ ልብስም ላይ ጥላዋን ትተዋለች። የልብስ ሰፊዎች መርፌን በጠጕር መካከል አሽቶ ቅባት የማስነካት ልማድ ለጊዜው ይረዳል፤ ነገር ግን የሐርና የነጭ ሥራ ለሚሠራ ሰው አልመክረውም፣ ቅባቱ ወደ ክሩ ይተላለፋልና። ከሁሉ የከፋው ልማድ ሥራ አቋርጦ ሲነሡ መርፌዋን በጨርቁ ላይ እንደ ተሰካች መተው ነው፤ በክረምት ወራት እርጥበት ባለበት ቤት መርፌዋ ዝጋ የተወችው ቡናማ ነጥብ በሳሙና አይለቅም። ማደሪያዋ ደረቅ የሱፍ ቁራጭ ቢሆን መልካም ነው።

ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድ ያላት ጠላፊ እንግዲህ በወረቀት ላይ እንዲህ ብላ ጽፋ ትላክ፤ የጥልፍ መርፌ፣ ከቁጥር 5 እስከ 10 የተደባለቀ፣ አንድ ፓኬት፤ ታፔስትሪ ቁጥር 24፣ አንድ ፓኬት፤ ሚሊነር፣ የተደባለቀ፣ አንድ ፓኬት። ወርቀ ዘቦ የምትሠራ ከሆነች የስፌት መርፌ ቁጥር 10ና ሼኒል ቁጥር 18 ትጨምር። «መርፌ ይዘሽልኝ ነይ» ብቻ ብላ የላከች ግን የፍራሽ መስፊያ ቢመጣላት የምትወቅሰው የላትም።